ምን ፈርተሽ ነው?

ግንቦት 3 ቀን 1978፣ እሑድ

መቀመጥ አልቻልኩም። እነሣለሁ፣ እንደገና እቀመጣለሁ፣ ሳላስበው ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። ካሳሁን ጣቢያ ነው ያደረው። ዛሬም አልለቀቁትም።

የሆነውን ልጻፈው፤ ነገ ሰው ሲጠይቀኝ እንዳልዘባርቅ። ትናንት ሊመሽ ሲል ባሌ የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር ግቢያችን አስገብቶ ጎማ ይቀይር ነበር። እኔ ኩሽናው በር ላይ ቆሜ ሽንኩርት እልጣለሁ። ከገበያው በኩል ፊሽካ ይነፋል፣ ሰው ይሯሯጣል። ሰሞኑን ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት እያፈሱ ስለሆነ አልገረመንም። ድንገት አንድ ሰው አጥሩን ዘሎ ገባ። በእጁ ቢላዋ ይዟል፤ ረጅም፣ ዓሣ የሚሰነጥቁበት ዓይነት። የመጣው ወደ እኔ ነው። ካሳሁን የጎማ መፍቻውን እንደያዘ ዞሮ መታው። አንድ ጊዜ። ሰውየው ሲወድቅ ጭንቅላቱ የቦዩ ድንጋይ ላይ አረፈ። እኔ ጮህኩ። ኡኡ ነው ያልኩት።

ወዲያው የቀበሌ ጥበቃዎች በሩን በርግደው ገቡ። ሰውየውን በጋሪ ጭነው ሆስፒታል ወሰዱት፣ ካሳሁንን ደግሞ በእግሩ እየነዱ ጣቢያ።

ይኸው ነው። ሌላ የለም።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ሥራ ገባሁ። አብራኝ የምትተይበው ሙሉጌጥ “ዛሬ እንኳ ብትቀሪ ምን ነበረበት” አለችኝ። ቤት ቀርቼ ምን ልሠራ? የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሆን ለዛሬ ካልጠቀመኝ ለመቼ ሊጠቅመኝ ነው? ስንቱን የግድያ ፍርድ በእነዚህ ጣቶቼ ተይቤአለሁ።

የተመታው ሰው ኩማ ይባላል አሉ። የቡሹሎ ሰው ነው፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ ይሸጣል። ሚስት አለችው። እስካሁን አልሞተም፣ ግን አይናገርም።

ለካሳሁን ምሳ አደረስኩ። “መኪናዋን ማን ወሰዳት? ያንን ጎማ አጥብቆ ያሰረው አለ?” ብሎ ጠየቀኝ። ስለራሱ አንድ ቃል የለም።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ሞተ። ጠዋት።

የሰማሁት በሥራ መሐል ነው። ዳኛው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ። “ያ የሾፌሩ ጉዳይ ወደ ግድያ ዞረ” አሉ። የጽሕፈት መኪናዬን ከደንኩና ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ እስከ ታቦር ተራራ ሥር ድረስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ዛሬ አንድ ጥሩ ሥራ ሠራሁ።

መርማሪው ነገ ቃሉን ይቀበለዋል። ካሳሁን ደግሞ ሲናገር አንዱን ትቶ ሌላውን ያነሣል፣ መንገድ ላይ ያያትን ላም እንኳ ሳይቀር ጨምሮ ነው ነገር የሚያወራው። ስለዚህ ሕጉን አወጣሁ፣ አንቀጽ ሰባ አራት፣ ሕጋዊ መከላከል። ቃል በቃል አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት፤ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ የመከላከሉ ኃይልም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። እነዚህን አራቱን ይዤ የእሱን ቃል አረቀቅኩለት። “ሊደርስ የተቃረበ ሕገ ወጥ ጥቃት በባለቤቴ ላይ በማየቴ፣ በሌላ መንገድ ለማስወገድ ባለመቻሌ፣ አደጋውን አመዛዝኜ፣ ሳልደናገጥ፣ ለመከላከል የሚበቃውን ያህል አንድ ጊዜ ብቻ መታሁት። ሁለተኛው ቁስል ሲወድቅ ድንጋይ መትቶት የመጣ ነው።” “ሳልደናገጥ” የምትለዋን የጨመርኳት ሆን ብዬ ነው። የደነገጠ ሰው መጠን ያልፋል፣ ያልደነገጠ ግን መጠኑን ያውቃል።

በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከእንጀራው ሥር ሸጎጥኩለት። ማታ ራት ሳደርስ “እንደ ዳዊት ሸመደድኩት” አለኝ። ወረቀቱንም ከወጡ ጋር ዋጥኩት ብሎ አሳቀኝ። ከቅዳሜ ወዲህ የሳቅኩት ዛሬ ነው።

ግንቦት 9

ቃሉን ሰጠ። አንዲት ቃል አላጎደለም። መርማሪው “አንደበተ ርቱዕ ነህ” አለው አሉ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

የጓሮ ጎረቤቴ ወርቅነሽ ሎሚ ይዛ መጣች። ልታጽናናኝ ነው። ተቀመጠች፣ ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ጨው መጥፋት አወራች፣ ከዚያ “ያን ዕለት እኮ ድምፅሽ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር” አለች።

“ኡኡ ነዋ ያልኩት። ማን ዝም ይላል” አልኳት።

“እሱስ ነው። ኡኡታም ነበረበት” አለችና ሎሚዎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ምን ሰማሽ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን የማያስፈልግ ነገር መጠየቅ ነገር መቆስቆስ ነው።

እሷ ስትወጣ ሄጄ የቦዩን ድንጋይ አየሁት። ጫፉ ክብ ነው። ደም የለበትም። ዝናቡ አጥቦት ይሆናል።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

የቀበሌው ሊቀመንበር ግዛቸው መንገድ ላይ አስቆመኝ። ያን ዕለት ፊሽካውን እየነፉ ከገቡት አንዱ እሱ ነበር።

“አይዞሽ ጓድ ተዋበች። ካሳሁን ሌባ ነው የመታው፤ እኛም ይህንኑ መስክረናል” አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አንድ ነገር ብቻ። ከአፈሳ ሸሽቶ ነው የገባው የሚል ወሬ ይወራል። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትናገሪ። ከኛ ቀበሌ ከእናት አገር ጥሪ የሚሸሽ የለም። ሌባ ነው። ገባሽ?”

ገብቶኛል አልኩት። እቤት እስክደርስ ግን ወደ ኋላዬ እየዞርኩ አይ ነበር። ምን ያስፈራኛል? ምንም አላደረግኩም።

ግንቦት 27

አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ። አቶ ደረሰ ነኝ፣ የኩማ አጎት ነኝ አሉኝ። እጄ በሩ ላይ ቀረ።

“እኛ ጋ ደም ሲፈስ ሁለት ቤት ተፋጦ አይኖርም ልጄ። ሶንጎ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ማለት ነው። ባልሽ ታስሯል። ያየሽው አንቺ ነሽ። ቅዳሜ ነይ” አሉኝ።

“እመጣለሁ አባቴ” አልኳቸው። “እርስዎ ራስዎ መምጣትዎ ትልቅ ነገር ነው።”

ልቤ ቀለል አለኝ። እርቅ የማላውቀው ነገር አይደለም። እኛ መንዝ ደም ሲታረቅ ድንጋይ አንገት ላይ ይሸከሙና መሬት ይወድቃሉ፣ ማሩን ይላሉ፣ እምቢ ይባላሉ፣ ይለምናሉ፣ መጨረሻ ላይ ይማራሉ። ማን ምን አደረገ፣ እንዴት አደረገ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልመናው ነው ዋናው። ልመና ደግሞ እችላለሁ።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ፊቴ ገና ይቃጠላል።

ቡሹሎ በጋሪ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ትልቁ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መንገድ ላይ ያነሣሁትን ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ነጠላዬን አደግድጌ ቀረብኩና ተንበረከክሁ። እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ደረሰ “ድንጋዩን አውርጂው ልጄ፣ ይከብድሻል። ድንጋይ አልጠራንም። ያየሽውን ንገሪን” አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ቢላዋውን፣ የጎማ መፍቻውን፣ አንዱን ምት፣ የቦዩን ድንጋይ። ስናገር የራሴን ድምፅ እሰማለሁ፤ ልክ ለካሳሁን የጻፍኩት ወረቀት ነው የሚናገረው። አንድ ሽማግሌ መሬቱን በበትራቸው ጫር ጫር አደረጉ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ካሉት ሴቶች መሐል አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ታቢታ ናት አሉኝ፣ የኩማ ሚስት። ፊቴን አላየችም፤ እጆቼን ነበር የምታየው።

አቶ ደረሰ ቆይተው “ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ” አሉ። በቁጣ አይደለም። “እኛ ሐላሌ የምንለው አለ። እውነቱ፣ ሙሉው ማለት ነው። ሐላሌ ሳይመጣ እርቅ የለም። ዛሬ አልመጣም። እኛ አንቸኩልም። ሲመጣ አንቺም ትመጫለሽ።”

ጮኸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለመሆኑ እነሱ ማናቸው? ፍርድ ቤት እያለ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሰው መመርመር ምን ማለት ነው?

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ካሳሁንን ወደ ወህኒ ቤት አዛውረውታል። ከስቷል። የቡሹሎውን ነገርኩት። በሽቦው በኩል አተኩሮ አየኝ።

“አንቺ ኩሽና ውስጥ ነበርሽ” አለ።

“በሩ ላይ ነበርኩ እንጂ ካሳ፣ አንተም ታውቃለህ…”

“ኩሽና ውስጥ ነበርሽ። ምንም አላየሽም፣ ምንም አልተናገርሽም። ለማንም። ተዋቡ፣ ሰማሽኝ?”

በትዳራችን እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። ሌላ ጊዜ የሚቆጣው እኔ ስቆጣው ብቻ ነው። ዛሬ ግን እየለመነኝም ነበር መሰለኝ። ስወጣ ዘበኛው ሳህኑን መልሶ ሰጠኝ። ምግቡን አልነካውም።

ሰኔ 12

የሚካኤል ዕለት። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ውጭ ቆምኩ። መግባት ከበደኝ። አንድ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይላሉ። ምን ቃል? ምንም ቃል።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ጉዳዩ ተሰማ። በየቀኑ በምገባበት ችሎት ዛሬ የገባሁት ከታዳሚው ጋር ወንበር ላይ ልቀመጥ ነው።

ዐቃቤ ሕጉ የካሳሁንን ቃል አነበበ። “ሊደርስ የተቃረበ ሕገ ወጥ ጥቃት” ሲል ፈገግ አለ። “አደጋውን አመዛዝኜ፣ ሳልደናገጥ” ሲል ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ “ክቡር ዳኛ፣ ይህ ሾፌር ነው ወይስ የሕግ ምሩቅ?” አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ከዚያ ሐኪሙ መሰከረ። ሁለት ቁስል ነው። ሁለተኛው ከኋላ ነው። በድንጋይ የመጣ አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ብረት የደረሱ ናቸው። ሁለተኛው ሲደርስበት ሰውየው በሆዱ ተኝቶ ነበር።

ዳኛው ካሳሁንን ጠየቁት። “ሳልደናገጥ፣ አመዛዝኜ ብለሃል። የራስህ ቃል ነው?”

“አዎ፣ የራሴ ነው” አለ። ወደ እኔ አላየም።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ዛሬ ሁሉም ከወጣ በኋላ ሕጉን እንደገና አወጣሁ። ሰባ አራትን እንጂ ቀጥሎ ያለውን አላየሁትም ነበር። አይ፣ አይቼዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ተይቤዋለሁ። ሰባ አምስት፣ ከመጠን ያለፈ መከላከል። መጠን ያለፈ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል። መጠን ያለፈው ይቅር ሊባል በሚገባ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ደግሞ ዳኛው ከነአካቴው ላይቀጣው ይችላል።

ፍርሃት ወይም ድንጋጤ። ካሳሁን እንደልማዱ እየተንተባተበ “ኧረ ደነገጥኩ፣ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም” ቢል ኖሮ በዚህ በር ይወጣ ነበር። እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁበት። ሳይደናገጥ፣ አመዛዝኖ፣ የተኛ ሰው የሚመታን ሰው ሕጉ ምን እንደሚለው አውቃለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እዚህ ደግሞ ሞኟም ወረቀቱም ከአንድ ቤት ናቸው። እንደኔ የሕግ መጽሐፍ የማያገላብጥ ሰው እንዲህ አይሳሳትም ነበር።

ስለዚህ ፈርቶ ነበር እላለሁ። ምስክር ሆኜ ተጠርቻለሁ፤ እንደፈራ እናገራለሁ። ግን ዐቃቤ ሕጉ ወዲያው “ቢላዋው የት ነበር?” ይለኛል። ቢላዋው በመጀመሪያው ምት ከእጁ አምልጦ መኪናው ሥር ገብቷል። ሰውየው በሆዱ ተኝቷል። ታዲያ ምኑን ፈራችሁ?

ሰውየው መሬት ላይ ሆኖ የተናገረው ነገር አለ። ነገ እጽፈዋለሁ።

ሰኔ 20

ዝናብ። ምንም አልጻፍኩም።

ሰኔ 23

ወርቅነሽን ጠየቅኳት። “ምን ሰማሽ ያን ዕለት?” አልኳት። እህሏን ማበጠር ሳታቆም “እኔ ምን ሰማሁ። እኔ ባለትዳር ነኝ፣ አፍ የለኝም” አለች። ሰምታለች።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

መሰከርኩ። እንደሆነው ልጻፈው።

ማልኩ። ግዛቸው ከኋላው ረድፍ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አጥፎ ተቀምጧል። ካሳሁን ከወዲያ በኩል ዓይኑን ተክሎብኛል፤ ኩሽና፣ ኩሽና የሚል ይመስላል። ዐቃቤ ሕጉ የት እንደነበርኩ ጠየቀኝ። በሩ ላይ፣ ሁሉንም በማይበት ቦታ አልኩ። ካሳሁን ዓይኑን ጨፈነ።

“ስንት ጊዜ መታው?”

“ሁለት ጊዜ።”

“ሁለተኛውን ሲመታው ሟቹ ምን ያደርግ ነበር?”

“ተኝቶ ነበር። ‘ደብቁኝ’ አለን።” ድምፄን ከፍ አደረግኩ። “ደብቁኝ ነው ያለው። በአማርኛ ነው ያለው፣ በደንብ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ እኔ ባሌን ድገመው አልኩት። እሱ ቆሞ ነበር፤ ብረቱንም ዝቅ አድርጎት ነበር። ድገመው ስለው ነው የደገመው።”

ዳኛው እስከዚያ ድረስ ያልኩትን ይጽፉ ነበር። ብዕራቸውን ሳያነሡ “ምን ፈርተሽ ነው?” አሉኝ።

“ፊሽካው በራችን ላይ ደርሶ ነበር። ከአፈሳ የሸሸ ሰው ደበቃችሁ ብለው እንዳይወስዱን…”

ግዛቸው ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። የዳኛው ብዕር ቆመ። ቀና ብለው መጀመሪያ ወደ ኋላው ረድፍ፣ ቀጥለው ወደ እኔ አዩ። አብረን ስንት ዓመት ሠርተናል፤ ምጥን ቃል የሚወዱ ሰው ናቸው።

“ፈርተሽ ነበር?” አሉ።

“አዎን፣ ግን ቢላዋውን ሳይሆን…”

“የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። ባልሽም አንቺም ፈርታችሁ ነበር?”

“ፈርተን ነበር።”

ጻፉ። ሲጨርሱ አንብቤ እንድፈርም ሰጡኝ። የሌላ ሰው ቃል ሳነብ እንደምሠራው እያንዳንዱን መስመር አየሁት። “ምስክሯ በመጮኋና ሁለቱም በድንገተኛው ሁኔታ እጅግ በመፍራታቸው ተከሳሹ በድጋሚ መታው” ይላል። ደብቁኝ የለም። ድገመው የለም። ፊሽካም የለም። ምን እንደፈራን አልተጻፈም። ፈረምኩ።

ካሳሁንን ሲያወጡት በአጠገቤ አለፈ። “ማን ጠየቀሽ?” አለኝ ቀስ ብሎ። አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

ሐምሌ 2

ማንም ሊወስደኝ አልመጣም። ግዛቸው ሲያየኝ ዞር ይላል። በር በተንኳኳ ቁጥር ጫማዬን አደርጋለሁ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ተፈረደ። የመጀመሪያው ምት ሕጋዊ መከላከል ነው ተባለ። ሁለተኛው ከመጠን ያለፈ ነው፤ ነገር ግን በፍርሃት የተደረገ ስለሆነ ቅጣቱ ቀልሏል። አንድ ዓመት። የታሰረበት ይታሰብለታል።

ሙሉጌጥ የፍርዱን ግልባጭ አላስነካችኝም፤ ራሷ ተየበችው። ሰዎች “እንኳን ደስ ያለሽ” ይሉኛል። ወርቅነሽ አቅፋኝ “በአንድ ዓመት መውጣት ማለት እኮ በነፃ መለቀቅ ነው” አለች። እውነቷን ነው። ይህን ያህል እንደሚቀልለት አላሰብኩም ነበር። ደስ ብሎኛል። ታዲያ ለምንድን ነው እንደዚህ የምዞረው? ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ። ፍርድ ቤቱ ከእኔ ጋር ጨርሷል፤ እኔ ግን ማንም እንዳልጠየቀኝ ሆኖ ይሰማኛል።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ሳልጠራ ቡሹሎ ሄድኩ።

አቶ ደረሰ ሲያዩኝ ለምን መጣሽ አላሉም። ሰው ላኩና ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ መጡ። ሴቶቹም መጡ። ታቢታ እንደ ፊተኛው ሕፃኑን ታቅፋ ተቀመጠች፣ ዛሬ ግን ከፊት ነው።

ሙሉውን ነገርኳቸው። እዚህ የሚጽፍ የለም፣ የሚያሳጥርም የለም። ደብቁኝ ማለቱን ነገርኳቸው። ድገመው ማለቴን ነገርኳቸው። ፊሽካውን፣ ግዛቸውን፣ የዳኛውን ብዕር፣ ለካሳሁን ያረቀቅኩለትን ወረቀት ሳይቀር ነገርኳቸው። አማርኛ ለማይሰሙት አቶ ደረሰ በሲዳምኛ ይተረጉሙላቸው ነበር፤ ድገመው የምትለዋን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ዝቅ አለ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ አላለቀስኩም። ለማልቀስ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ስጨርስ ታቢታ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

“ቢይዙት ይገድሉት ነበር?”

“አይገድሉትም። ወታደር ያደርጉት ነበር።”

“እናንተንስ? ደብቃችሁ ቢያገኟችሁ?”

“አላውቅም። ያስሩን ይሆናል። እሱን ነው የፈራሁት፣ ባሌን እንዳያስሩብኝ።”

ታቢታ የነገርኳትን ቀስ ብላ ስታስብበት አየሁ። ልጁ ሲነጫነጭ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

“አሁን ባልሽ የት ነው?” አለችኝ።

“እስር ቤት” አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፣ ተነሣች፣ ልጇን ልታጠባ ወደ ቤቷ ገባች።